በቆየ ሕመም ውስጥ ተስፋንና ሥራን ስለ አለመተው



ስለ ሕመም የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ስለሚያልፍ ሕመም ነው፤ ትኩሳት ይመጣል፥ ሰውየው ይታገሣል፥ ይድናል፥ ያመሰግናል። ነገር ግን ከመካከላችን ወገቡን ወይም ጉልበቱን ለዓመታት የሚያመው፥ ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያነጋ፥ ጧት ሱቁን ለመክፈት ግድግዳ ተደግፎ የሚነሣ ሰው አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው «ታገሥ» ብሎ መሄድ ቀላል ነው፤ እርሱ ግን ትዕግሥትን ከመካሪው ይልቅ ያውቀዋል። የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው፤ ሕመሙ ላይለቀው ከቻለ፥ አላህ ከእርሱ ምን ይሻል? ለቤተ ሰቡስ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ይኖራል?

የዚህ ጥያቄ መልስ የተሰጠው ለአንድ ሕመምተኛ ነው። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (አላህ ሥራቸውን ይውደድላቸውና) የኸይበር ዘመቻ በተደረገበት በ7 ዓመተ ሂጅራ (628) እስልምናን የተቀበሉ ሶሐባ ናቸው። ኪንታሮት ይዟቸው ስለ ነበር፥ እንዴት እንደሚሰግዱ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ። በቡኻሪ እንደተመዘገበው መልሱ ቆመው እንዲሰግዱ፥ ካልቻሉ ተቀምጠው፥ ይህም ካልሆነላቸው በጎናቸው ተጋድመው እንዲሰግዱ የሚል ነበር።

ይህን መልስ በጥሞና ተመልከቱት። እስኪሻልዎ ድረስ ይተዉት አልተባሉም፤ ሕመሙን ችለው እንደ ጤነኛው ይቁሙም አልተባሉም። ግዴታው ጸንቶ ሳለ መልኩ ተለወጠ። ተቀምጦ የሚሰግደው ሕመምተኛም ከቆመው ያነሰ ነኝ ብሎ እንዳያዝን፥ አንድ ባሪያ በታመመ ጊዜ በጤናው ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ እንደሚጻፍለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አብሥረዋል።

በሰላት እንዲህ ከሆነ፥ በዓለማዊ ሥራማ እንዴት አይሆንም? ኩንታል ማንሣት ያቃተው ነጋዴ ሚዛን መያዝ ይችላል፤ ሚዛኑ ዘንድ መቆም ያቃተው ተቀምጦ መዝገቡን ይመረምራል፤ ተኝቶ የሚውልም ልጁን ጠርቶ የዕቃ አመራረጥን፥ የዕዳ አከፋፈልን፥ ከሐራም ትርፍ መራቅን ያስተምራል። ይህ ሁሉ ሥራ ነው። አንዳንዱ ግን እንደ ቀድሞው ካልሠራሁ ምን ዋጋ አለኝ በማለት ሱቁን ዘግቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሌላው ደግሞ ሕመሙ ጋብ ባለለት ቀን የሳምንቱን ሥራ በአንድ ጊዜ ሊጨርስ ይነሣና ሦስት ቀን ይወድቃል። ሁለቱም ከመንገዱ ስተዋል። አላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። የዘመናችን ሐኪሞችም ከሦስት ወር በላይ የዘለቀን ሕመም በተመለከተ የሚመክሩት ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ብዙ መተኛት ጡንቻን ያደክማል፥ መገጣጠሚያንም ያደርቃል፤ ስለዚህ በልክ መንቀሳቀስን፥ ልኩንም ቀስ በቀስ መጨመርን ያዛሉ።

ወደ ዒምራን እንመለስ። ኸሊፋው ዑመር ሰዎችን ሃይማኖታቸውን እንዲያስተምሩ ወደ በስራ ልከዋቸው ነበር። በዚያም ለብዙ ዓመታት የቆየ ሌላ ሕመም ያዛቸው። በጊዜው የነበረውን ሕክምና፥ በጋለ ብረት መተኮስን ሞከሩ፤ አልረዳቸውም። ሕክምናው አልሠራም ብለው ግን ማስተማራቸውን አልተዉም። በሞቱበት ሕመም ላይ ሳሉ እንኳ ሙጦሪፍ የተባለውን ደቀ መዝሙራቸውን አስጠርተው፥ ምናልባት ከእኔ በኋላ ትጠቀምበት ይሆናል በማለት ሐዲሥ ነገሩት። በ52 ዓመተ ሂጅራ (672) ዐረፉ። ሙስሊም ይህን በመጽሐፋቸው ስለመዘገቡ፥ ከዚያ አልጋ ላይ የተነገረውን ዛሬም እናነባለን።

ማቃሰት ኃጢአት ነውን? አይደለም። እናታችን ዓኢሻ ራሳቸውን ባመማቸው ጊዜ ሕመማቸውን ቢናገሩ፥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልተቈጡም፤ ይልቁንም የራሳቸውንም ራስ ምታት ነገሯቸው። ነቢዩ አዩብም ጉዳት እንዳገኛቸው ለጌታቸው አሳወቁ፤ ቁርኣንም ታጋሽ ሲል አመሰገናቸው። የተከለከለው ስለ አላህ ማጉረምረም እንጂ ለአላህ መናገር አይደለም። በአዩብ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ ፈውሱ በመጣ ጊዜ ሕመምተኛው ራሳቸው ምድርን በእግራቸው እንዲመቱ ታዘዙ፥ ውሃውም ፈለቀ። ያለ እርሳቸው ምት ማፍለቅ ለአላህ ይሳነው ነበርን?

መድኃኒት መፈለግም ከተስፋ ነው፤ ታከሙ ብለው ያዘዙን ነቢያችን ናቸውና። ለሐኪም ስትናገሩ ግን «ያመኛል» ብቻ አትበሉ። በ1037 የሞቱት ኢብን ሲና በቃኑን መጽሐፋቸው የሕመምን ዓይነት 15 አድርገው ለይተዋል፤ የሚወጋው ከሚያቃጥለው፥ የሚከብደውም ከሚያሳክከው የተለየ ነውና፥ ለይታችሁ ንገሩ።

የቤተ ሰብን ነገር በአጭሩ እንናገር። በኃጢአትህ ነው እያላችሁ ሕመምተኛን አታቍስሉ፤ ነቢያትም ታመዋል። ከእጁም ሥራውን ሁሉ በርኅራኄ ስም አትንጠቁ፤ ምክር ጠይቁት፥ ሒሳቡን ወደ አልጋው አምጡለት። እናት ስትሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እርስዋ እያመማት ቤቱን ስለ ተሸከመች ማንም እንደ ታመመች አይቆጥራትም። ሸክሟን ለማቅለል እስክትወድቅ አትጠብቁ።

ዐሥር ዓመት ፈውስን ለምኖ ያላገኘም ልመናውን አይተው፤ ዱዓ ራሱ ዒባዳ ነውና፥ በጎኑ የተጋደመም ሊያደርሰው ይችላል። አላህ ሕመምተኞቻችንን ይፈውስልን፤ አሚን።