ለስፖርተኞች የሚሸጥ ዱቄት እንዴት ይመረመራል?

በዛሬው ትምህርታችን ለነጋዴው የምናቀርበው ለስፖርተኞች ስለሚሸጡት የምግብ ማሟያዎች፣ ይኸውም ስለ ፕሮቲን ዱቄት፣ ስለ ክሬያቲንና ኀይል ይሰጣሉ ስለሚባሉት ልዩ ልዩ ዝግጅቶች ነው። በሶ የሚገዛ ሰው አሽትቶና ቀምሶ ጥራቱን ያውቃል። የታሸገ ዱቄት ግን በዐይንም በምላስም አይመረመርምና ገዢው የሚያምነው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቃልና ባለሱቁን ነው።

ቃሉ ኹልጊዜ እውነት አለመኾኑ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ የሚገኝ ቤተ ሙከራ ከ13 አገሮች የተገዙ 634 ማሟያዎችን መርምሮ በ94ቱ ውስጥ በማሸጊያቸው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን አገኘ። ከሰባቱ አንዱ ማለት ነው። ይህ ኹሉ ተንኰል ነው ማለት አይቻልም፤ ሆርሞን የተዘጋጀበት መሣሪያ በሚገባ ሳይጸዳ ሌላ ዱቄት ቢዘጋጅበት ጥቂቱ ይተላለፋል። ለአትሌቱ ግን ጥቂቱም ይበቃዋል። በዓለም የፀረ-አበረታች ቅመሞች ሕግ መሠረት በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ራሱ ነው፤ «አላወቅሁም» ማለት ብቻውን አያድነውም። ሆርሞን ከተገኘበት እስከ 4 ዓመት ሊታገድ ይችላል፤ ይህም ለአንድ ሯጭ የእንጀራው ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር አገራችንን ጥብቅ ክትትል ከሚያሻቸው አምስት አገሮች መካከል መቍጠሩም አይዘነጋም።

ሌላው ጉድለት በመጠን ነው። ፕሮቲን በተለመደው ምርመራ የሚለካው በዱቄቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ተገኝቶ በ6.25 እየተባዛ ነው። ታዲያ ናይትሮጅን የበዛበት ርካሽ ነገር የጨመረ ሰው መመርመሪያውን ያታልላል። 1 ግራም ሜላሚን ከ4 ግራም የሚበልጥ ፕሮቲን መስሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና በሕፃናት ወተት ላይ የተሠራው ይኸው ነበር፤ 6 ሕፃናት ሲሞቱ ወደ 300,000 የሚደርሱ ታመዋል። ስለዚህ አስመጪው «ፕሮቲኑ ከመቶ 80 ነው» የሚል ወረቀት ቢቀርብለት፣ የተለካው በናይትሮጅን ብቻ ነውን ወይስ አሚኖ አሲዶቹም በየስማቸው ተለክተዋል ብሎ ይጠይቅ። ሻጩ በጥያቄው ቢቈጣ ያም አንድ መልስ ነው።

ከወረቀቱ ኹሉ የሚበልጠው የባች ቍጥር ነው። አንድ ፋብሪካ ባለፈው ዓመት ያስመረመረው ዱቄት ንጹሕ መኾኑ ስለ ዘንድሮው አይመሰክርም። እንደ ኢንፎርምድ ስፖርት ያሉት መርማሪዎች እያንዳንዱን ባች መርምረው ቍጥሩን በመዝገባቸው ያወጣሉ፤ ነጋዴውም በጣሳው ላይ ያለውን ቍጥር ከመዝገቡ ጋር ሊያስተያይ ይችላል። በአገራችን ደግሞ የምግብና መድኃኒት ቍጥጥር በአዋጅ ቍጥር 1112/2011 የሚመራ ሲኾን አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

አሁን ወደ ኩርሙክ እንምጣ። ኩርሙክ ቆላም ጠረፍም ናት፤ ሁለቱም ይህን ሸቀጥ ይፈታተኑታል። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአሶሳ በኩል ቢመጣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተንገላትቶ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ይቀመጣል። የወተት ፕሮቲን ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙበት ይጓጉላል፣ ይጠቍራል፣ የምግብነት ዋጋውም ይቀንሳል፤ ስለዚህ በክረምት ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳ ርቆ ይቀመጥ። ከጠረፍ ማዶ ያለ ፋክቱር የመጣ ከኾነ ደግሞ ማን እንደሠራው የሚጠየቅ አይገኝም፤ ርካሽነቱ ያስጎመጃል፣ ነገር ግን አይገዛ።

ትልቁን ጣሳ ከፍቶ በላስቲክ እየመዘኑ መቸርቸርም አለ። ለስኳር ቢኾን ማን ይነቅፈዋል! እዚህ ግን ጕዳቱ ከንጽሕናው ያልፋል። ሆርሞን የተገኘበት አትሌት ቅጣቱን ለማስቀነስ የበላው ማሟያ የተበከለ እንደ ነበረ ማስረዳት አለበት፤ ዋናውም ማስረጃው የዚያው ባች ያልተከፈተ ጣሳ ተገኝቶ ሲመረመር ነው። ባለሱቁ ቍጥሩን በደረሰኙ ላይ ከጻፈ፣ ከእያንዳንዱ ባች አንድ ጣሳ ሳይከፍት ካቈየ፣ ያ ወጣት የሚይዘው ነገር ያገኛል። በላስቲክ የተሸጠለት ግን ባዶ እጁን ይቀርባል።