በማስተማሪያ ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና ታካሚ ክትትል ቀጣይነት፦ ምን ይለካ?

በማስተማሪያ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ታካሚ በተመላላሽ ክፍል ይመረመራል፣ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፣ ከዚያም ተኝቶና በቀጠሮ ክትትል ያገኛል። ሬዚደንቶች በየጊዜው ክፍል ስለሚቀያየሩ ሦስቱንም ደረጃዎች በአንድ ሐኪም እጅ ማለፍ አዳጋች ነው። የዚህ መቆራረጥ ጉዳት በምን ይለካል?

በአሜሪካ ጉዳዩ የተጠናው ከሥራ ሰዓት ጋር ተያይዞ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሬዚደንቶች ሥራ በሳምንት በአማካይ በ80 ሰዓት ተገድቧል፤ በ2011 ደግሞ የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት ያለማቋረጥ ከ16 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተደነገገ። ፈረቃው ሲያጥር ርክክብ በዛ። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 «ፈርስት» የተሰኘው ጥናት 117 የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና የሥልጠና ፕሮግራሞችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ አንደኛው ወገን ነባሩን ደንብ ጠበቀ፣ ሌላው የ80 ሰዓቱን ጣሪያ ሳያልፍ የፈረቃውን ርዝመት ራሱ ወሰነ። በ30 ቀናት ውስጥ ሞት ወይም ከባድ የጤና ችግር የደረሰባቸው ታካሚዎች በነባሩ ደንብ 9.0፣ በሌላው 9.1 በመቶ ነበሩ። ያልተቋጨ የታካሚ ጉዳይ ለሌላ አስረክበው መሄዳቸውን የገለጹ ሬዚደንቶች ግን 46.3 እና 32.0 በመቶ ሆኑ።

ከዚህ ተነሥቶ ርክክብ አይጎዳም ማለት ችኮላ ይመስለኛል። በሁለቱም ወገን ለታካሚው ኃላፊ የሆነ ሲኒየር ሐኪም ነበረ፤ የተለዋወጠው ከእርሱ በታች ያለው ተረኛ ነው። አንጀቱ ተቆርጦ የተሰፋ ታካሚን እንውሰድ። ስፌቱ ማፍሰስ ሲጀምር ቀድሞ የሚታየው የልብ ምት መፍጠን ወይም ጥቂት የሆድ መነፋት ብቻ ሊሆን ይችላል። ትናንት ሆዱን የዳሰሰ ሐኪም ለውጡን ይለየዋል፤ ካርዱ ላይ «ደህና ነው» የሚል ብቻ ያነበበ ተረኛ ግን ማነጻጸሪያ የለውም።

በአገራችን ጥያቄው ከዋርዱ ውጭም ይዘልቃል። ከሩቅ ወረዳ የመጣ ታካሚ ለቀጠሮ ሲመለስ ያከመው ሬዚደንት ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ የደረሰው የፓቶሎጂ ውጤት ካንሰር ቢያሳይስ? ደውሎ የሚነግረው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተወሰነ ወረቀቱ ካርድ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፤ ይህን ደግሞ የ30 ቀን መለኪያ አያየውም።

ስለዚህ በዚህ መስክ ጥናት የሚያቅድ ተመራማሪ ከርክክብ ብዛት ይልቅ ሁለት ነገሮችን ቢቆጥር ይሻላል፦ በመውጫ ማጠቃለያው ላይ ኃላፊው ሐኪም በስም መጠቀሱን፣ የፓቶሎጂ ውጤትም ከወጣበት ቀን አንሥቶ ታካሚው ጆሮ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ። የመጀመሪያው ከካርዶች ሊሰበሰብ ይችላል፤ ለሁለተኛው ግን ታካሚውን ራሱን መጠየቅ ያሻል።