ሽቶ፣ አልኮልና ሶላት



ጁሙዓ ሲቃረብ በየዶርሙ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ አልኮል ያለበት ሽቶ ተቀብቶ መስገድ ይቻላል ወይ? አንዳንዴ ጉዳዩ ከጥያቄ አልፎ «የአንተ ሶላት አይሆንም» ወደ መባባል ይደርሳል። ስለዚህ ከፍርድ በፊት ነገሩን እንወቀው።

1. ሽቶ በሱንና

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሽቶ ይወዱ ነበር፤ ሽቶ ሲሰጣቸው እንደማይመልሱም ቡኻሪ ዘግበዋል። በጁሙዓ ቀን መታጠብ፣ ሲዋክ መጠቀምና ሽቶ መቀባት በሐዲስ የመጣ ነው። ሴት እህቶቻችን ግን ወደ መስጂድ ሲወጡ ሽቶ እንዳይቀቡ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ታዘዋል። በኢሕራም ላይ ያለ ሰውም፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ሽቶ አይቀባም።

2. ልዩነታቸው

የሚረጨው ሽቶ አብዛኛው ክፍሉ ኢታኖል የተባለው አልኮል ነው፤ መዓዛ ሰጪው ዘይት ጥቂቱ ነው። አልኮሉ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ይተንናል፤ ስለዚህ ሽታው ቶሎና ሩቅ ይሰማል። የዘይት ሽቶ (ዒጥር) ቀስ ብሎ ስለሚተን ሽታው ከሰውነት ሳይርቅ ብዙ ይቆያል፤ ነጭ ልብስ ላይ ግን ነጠብጣብ ሊተው ይችላል። «ዘይት ነው» ማለት ሁልጊዜ «ከተፈጥሮ የተገኘ ነው» ማለት አይደለም፤ በትንንሽ ጠርሙስ ከሚሸጠው ብዙው በፋብሪካ የተቀመመ ነው።

3. ዑለማዎች ምን አሉ?

አስካሪ መጠጥ መጠጣት ሐራም ለመሆኑ ልዩነት የለም። ልዩነቱ በነጃሳነቱ ላይ ነው። አብዛኞቹ የአራቱ መዝሀብ ዑለማዎች በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 90 ላይ ያለውን «ሪጅስ» የሚለውን ቃል ይዘው ኸምር ነጃሳ ነው ብለዋል። ረቢዓና ከኋለኞቹ ሸውካኒ ደግሞ ቃሉ ቁማርንና ጣዖትንም ስለሚያካትት እርኩስነቱ የሚዳሰስ አይደለም ብለዋል። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ከወይንና ከተምር የሚሰራውን ከሌላው ስለሚለዩ፣ በዘመናችን ያሉ በርካታ የሐነፊ ዑለማዎች ከሌላ ነገር በተሰራ አልኮል የተዘጋጀን ሽቶ ይፈቅዳሉ።

እንግዲህ ከኢኽቲላፍ ለመውጣት ዒጥርን የመረጠ ሰው መልካም ጥንቃቄ አድርጓል። ጥንቃቄው ግን ለራሱ ነው። የሌላውን አቋም የተከተለ ወንድሙን ሶላት ውድቅ የሚያደርግበት ወይም ከጎኑ ላለመቆም ምክንያት የሚያደርግበት አይደለም።

4. የአካባቢያችን ሽቶ፦ ዝባድ

በኢሉ አባቦር፣ በጅማና በወለጋ ሙስሊም ገበሬዎች ከጥሪኝ ዝባድ በማውጣት ይታወቃሉ። ዝባድ በቀንድ ተሞልቶ ወደ ውጭ ሲላክ የኖረ፣ የሌሎችን ሽቶዎች መዓዛ የሚያቆይ ነገር ነው። ኢማሙ ነወዊ «አል-መጅሙዕ» ላይ ዝባድ ጦሃራ መሆኑን ገልጸው፣ ከእንስሳው ፀጉር እንዳይቀላቀል ጥንቃቄ እንደሚያሻ አስፍረዋል። ሆኖም ጥሪኙ ከዱር ተይዞ በጠባብ ቦታ የሚታሰር ስለሆነ አያያዙም ጉዳያችን ነው፤ ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት የመጣውን ሐዲስ እናስታውስ።

5. በተግባር

• እንደ መቱና ጎሬ ዝናብ በሚበዛበት አገር ልብስ ሳይደርቅ ይለበሳል። የእርጥበትን ሽታ ሽቶ አይሸፍነውም፤ መጀመሪያ ልብሱ ይታጠብ፣ ይድረቅ።
• ስስ ዘይት ውሃ ቆዳ ላይ እንዳይፈስ ስለማይከለክል ውዱእን አያበላሽም። ወፍሮ የተጋገረ ነገር ግን መነሳት አለበት።
• የሚረጨውን ሽቶ ከከሰልና ከምድጃ አርቁ፤ አልኮሉ በቀላሉ ይቀጣጠላል።
• በተጨናነቀ ሶፍ ውስጥ ጥቂት ይበቃል። አስም ያለበትን ወንድም የሚያስቸግር ሽቶ፣ ዒጥርም ቢሆን፣ ሌላውን ማስቸገር ነው። ሽንኩርት የበላ ሰው ወደ መስጂድ እንዳይቀርብ የተባለውም ሰጋጁ እንዳይቸገር ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ልባችንንም ልብሳችንንም ያጥራልን። ወላሁ አዕለም።