የአማርኛ ጽሑፍ በድረ ገጽ ሰርቨር ላይ፦ ሳይዛባ መቀመጡን በሁለት ልኬቶች ማረጋገጥ

መግቢያ

ሊነክስ፣ አፓቼ፣ ማይኤስኪውኤል እና ፒኤችፒ በአንድነት የሚሠሩበት ሰርቨር የመመረቂያ ጽሑፎችን ማውጫ ወይም የመስክ መጠይቅ ምላሾችን በአማርኛ ለመመዝገብ ለሚሻ ተመራማሪ በነፃ የሚገኝ መሣሪያ ነው። አራቱን መጫን ብዙ አያደክምም። ይሁን እንጂ ገጹ መከፈቱና ቅጹ መሥራቱ መረጃው በትክክል ስለ መቀመጡ ማስረጃ አይሆንም። ይህ ጽሑፍ ስሕተቱ የሚገባበትን ቦታና የሚታወቅበትን ቀላል ፍተሻ ያሳያል።

የችግሩ ምንነት

የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካቷል። በዩቲኤፍ-8 አሠራር እያንዳንዱ የተለመደ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ከማይኤስኪውኤል 8.0 በፊት የነበሩት እትሞች ግን ነባሪ የፊደል ስብስባቸው ላቲን1 ነበር፤ ይህም ግእዝን አያውቅም። የፕሮግራሙን እትም ማሳደግ ቀድሞ የተፈጠሩ ሠንጠረዦችን የፊደል ስብስብ አይለውጥም። ዩቲኤፍ8 የተባለው የቀድሞው ምርጫም ከ3 ባይት በላይ ስለማይቀበል በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 14.0 የተጨመሩትን የጉራጌ ፊደላት ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ትክክለኛው ምርጫ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ነው።

የአተካከል ቅደም ተከተል

ምርጫው በአራት ቦታዎች መጽናት አለበት፦ የመረጃ ቋቱና ሠንጠረዦቹ ሲፈጠሩ፣ ፒኤችፒ ከመረጃ ቋቱ ጋር ሲገናኝ፣ አፓቼ ገጹን ወደ አሳሹ ሲልክ እንዲሁም መጠባበቂያ ቅጂ ሲወሰድ። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘነጋው ሁለተኛው ነው። ሠንጠረዡ ትክክል ሆኖ ግንኙነቱ ላቲን1 ከሆነ ማይኤስኪውኤል እያንዳንዱን ባይት ራሱን እንደ ቻለ ፊደል ቆጥሮ ዳግመኛ ይለውጠዋል። በንባብ ጊዜም ያው ግንኙነት ለውጡን ስለሚቀለብሰው በገጹ ላይ ንጹሕ አማርኛ ይታያል። ስሕተቱ የሚገለጠው መረጃውን ሌላ ፕሮግራም በትክክለኛ ግንኙነት ሲያነበው ነው፤ ይህም ምናልባት ከብዙ ወራት የመረጃ ስብሰባ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ፍተሻ

«ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል በድረ ገጹ ቅጽ በኩል ይመዝገብ። በትእዛዝ መስኮት መመዝገብ የፒኤችፒን ግንኙነት ስለማይፈትሽ አይበቃም። ቀጥሎ በመረጃ ቋቱ ውስጥ የተቀመጠው ቃል የፊደልና የባይት ብዛት ይለካ። ውጤቱ ከአራቱ አንዱ ይሆናል።

5 ፊደልና 15 ባይት ከሆነ አቀማመጡ ትክክል ነው።

15 ፊደልና 15 ባይት ከሆነ የዩቲኤፍ-8 ባይቶች በላቲን1 ዓምድ ውስጥ ሳይለወጡ ገብተዋል። ዓምዱን መጀመሪያ ወደ ባይናሪ፣ ቀጥሎ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 መለወጥ ጽሑፉን ይመልሰዋል።

15 ፊደልና 30 ወይም ከዚያ በላይ ባይት ከሆነ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ተለውጧል። ከላይ ከተገለጸው እርማት በፊት ዓምዱ ወደ ላቲን1 መመለስ አለበት።

5 ፊደልና 5 ባይት ከሆነ በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት ተቀምጧል። ጥብቅ የግቤት ቁጥጥር በተዘጋበት ሰርቨር ይህ ያለ ስሕተት መልእክት ሊፈጸም ይችላል። ዋናው ፊደል ስለጠፋ ማናቸውም ለውጥ አይመልሰውም፤ ያለው አማራጭ ከመጀመሪያው ምንጭ እንደገና መመዝገብ ነው።

ማናቸውም እርማት ከመጀመሩ በፊት መጠባበቂያ ቅጂ መወሰድ፣ እርማቱም በቅጂው ላይ መሞከር ይኖርበታል። ሠንጠረዡ ሲታረም የፒኤችፒ ግንኙነትም አብሮ ካልታረመ አዲስ የሚገባው መረጃ ዳግመኛ ይዛባል።

ማጠቃለያ

ፍተሻው የአቀማመጥን ትክክለኛነት እንጂ የፍለጋን ብቃት አይመለከትም፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በትክክል ቢቀመጡም ለመረጃ ቋቱ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሞክሼ ፊደላትን የሚያስማማ ሥራ በተጨማሪ ያስፈልጋል። ሆኖም ፍለጋም ሆነ ትንተና የሚጀምረው በትክክል ከተቀመጠ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እውነተኛ መዝገብ በፊት አንድ ቃል ጽፎ 5 እና 15 የሚሉትን ቁጥሮች ማየት የአተካከሉ የመጨረሻ ደረጃ ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።