ከመጮህህ በፊት ወረቀቱን አንብብ

ልጄ፣ ስልክህ ከእጅህ እንደማይለይ አውቃለሁ። አገርህን እንደምትወድም አውቃለሁ። ሆለታ ቁጭ ብለህ ዓለምን የምታናግርበት ነገር በኪስህ ይዘሃል፤ እኛ በአንተ ዕድሜ ይህ አልነበረንም። ግን «ጤፋችንን ሰረቁን፣ ቡናችንን ቀሙን» የሚል ነገር ባየህ ቁጥር ደምህ ይፈላና ሼር ታደርጋለህ፤ በማግስቱ ረስተኸዋል። ልብህ ደግ ነው፤ ችኮላህ ነው የሚያስቸግረው። ትላልቅ ኩባንያዎች ደግሞ አይቸኩሉም፤ አይረሱምም። ስለዚህ ቁጭ በልና የምነግርህን በተራ ስማ።

1. የተወሰደው ምን እንደሆነ ሳታጣራ አትጩህ። «ጤፍን ፓተንት አደረጉት» ሲባል ስንት ዓመት ሰማን። የሆነው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ስለ ጤፍ ዱቄት ማመልከቻ አስገባ፤ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በ2007 ፈቀደለት። ወረቀቱ የያዘው ተክሉን አልነበረም፤ ዱቄቱንና ከዱቄቱ የሚሠራውን ምግብ ነው። ዋናው ነገሩም እህሉ ከታጨደ በኋላ ሰንብቶ ሲፈጭ ዱቄቱ የሚያገኘው ባሕርይ ነበር። እንግዲህ የከረመ ጤፍ ከአዲሱ እንደሚሻል ለአንዲት የወልመራ እናት ማን ያስተምራታል? ልዩነቱን ልብ በል። «ተክሉን ሰረቃችሁ» ብትላቸው ጠበቃቸው «ተክሉን አልነካንም» ብሎ ያልፍሃል። «ይህ እናቶቻችን ሲሠሩበት የኖሩት ነው፤ ምኑ ነው አዲሱ?» ብትላቸው ግን መልስ ያጥራቸዋል።

2. ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብብ፤ በተለይ ማን ከማን ጋር እንደተፈራረመ እይ። እ.ኤ.አ. በ2005 የእኛ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ጉዳይ ውል ተፈራረሙ። ከትርፉ ድርሻ እንድናገኝ ታስቦ የተጻፈ ነበርና በዚያን ጊዜ ለሌሎች አገሮችም ምሳሌ ይሆናል ተብሎ ተወደሰ። በ2009 ኩባንያው መክሰሩ ታወጀ። እስከዚያ ለአገራችን የገባው ገንዘብ ወደ 4 ሺህ ዩሮ ብቻ ነበር። በኩባንያው እጅ የነበረው የጤፍ ዱቄት ፓተንት ግን አብሮ አልከሰረም፤ ወደ ሌላ ኩባንያ እጅ ገባ። እኛ የተዋዋልነው ከከሰረው ጋር ስለነበር አዲሱን ባለመብት የምንይዝበት ገመድ አልነበረንም። ሰው ሲሞት ዕዳው ለልጁ ይተርፋል ትላለህ፤ ኩባንያ ሲሞት ግን ንብረቱ ተርፎ ዕዳው የሚቀበርበት ጊዜ አለ። ወደፊት ውል ስታይ «ቢከስሩስ? ቢሸጡትስ?» ብለህ ጠይቅ።

3. ኩባንያ አያፍርም፤ የሚፈራውን ፈልገህ አግኝ። የቡናውን ነገር ላስታውስህ። እ.ኤ.አ. በ2005 አገራችን ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ትልቁ የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ስታርባክስም ከዚያ በፊት ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበት ስም ለራሱ ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። በ2006 መጸው ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት በስታርባክስ ላይ ዘመቻ ጀመረ፤ ከ90 ሺህ በላይ ሰዎች በኢሜይል፣ በስልክና በፋክስ ኩባንያውን ወጠሩት፤ ክርክሩ ዩቲዩብ ላይ ሳይቀር ወጣ። በ2007 ስታርባክስ ከመንግሥታችን ጋር ስምምነት ፈረመ። የፈረመው ለምን ይመስልሃል? የሚሸጠው ቡና ብቻ ስላልሆነ ነው። ለገበሬ የሚያስብ ድርጅት ነው መባልንም አብሮ ይሸጣል፤ ያ ስሙ ሲነካ ደንበኛው ይሸሻል። ለጠጪው የማይሸጥ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ኩባንያ ቢሆን ኖሮ 90 ሺህ መልእክት አያስደነግጠውም ነበር። እንዲህ ያለውን የሚያስፈራው ፍርድ ቤት ነው።

4. ከጩኸት በፊት ፋይል ይከፈት። በቡናው ጉዳይ ሰው የተጮኸውን ብቻ ያስታውሳል። ከጩኸቱ በፊት ግን በጌታቸው መንግስቴ የሚመራው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ማመልከቻውን አዘጋጅቶ፣ የሕግ ባለሙያ ይዞ፣ ምን እንደሚፈልግ በግልጽ ጽፎ ነበር። ስለዚህ ያ ሁሉ ሕዝብ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ተቀብላችሁ ፈርሙ»። ለአንድ ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም ማለት ግድ ነው። «ፍትሕ ለኢትዮጵያ» ብሎ ለሚጮህ ሰው ግን ጥሩ መግለጫ ጽፈው ያሰናብቱታል። በጤፉ ጊዜ ማመልከቻው ሲገባ ዝም ብለን፣ ፓተንቱ ከጸደቀ በኋላ ተነሣን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

5. የሌላውን ድል የራስህ አታድርግ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ያኔ በአሜሪካ አምባሳደራችን የነበሩት ፍጹም አረጋ የጤፍ ፓተንት መሻሩን በትዊተር ሲያበስሩ አገሩ ሁሉ «አሸነፍን» አለ። እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ክርክሩ በሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች መካከል ነበር። ፓተንቱን የያዘው ድርጅት ሌላውን ክፈለኝ አለ፤ ያኛው አልከፍልም አለ፤ ጉዳዩ ሄግ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ነገሩ የፈጠራ ብልኀት የለበትም ብሎ ፓተንቱን ውድቅ አደረገው። በችሎቱ ተከራካሪ ሆነን አልቆምንም። ፍርዱም የሆላንድን ምድር የሚመለከት ነበር። ይህን የምነግርህ ደስታህን ላጠፋብህ ብዬ አይደለም። ሃሽታግ ያሸነፈ መስሎህ ቀጣዩንም በሃሽታግ ብቻ እንዳትጠብቅ ነው።

6. የአያትህን እውቀት ጻፍ። ከከተማችን ወጣ ብለህ በላስቲክ የተሸፈኑትን የአበባ እርሻዎች እይ። እዚያ ያለው ጽጌረዳ ባለቤት አለው፤ ዝርያውን ያዳቀለው የውጭ ድርጅት ስላስመዘገበው አብቃዩ በተከለው ግንድ ልክ ይከፍልበታል። ከአጥሩ ማዶ ያለው ገብስ ደግሞ ስንት ትውልድ እየመረጠ፣ ለቆሎ የሚሆነውን ከጠላው እየለየ ያቆየው ነው፤ ለእሱ የሚከፍል የለም። በካሊፎርኒያ የገብስን ማሳ ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨውን ቫይረስ የመቋቋም ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያኔ ለባለ ዘሩ ክፈሉ የሚል ዓለም አቀፍ ሕግ አልነበረም፤ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ዛሬ ግን በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ዘር ለምርምርም ሆነ ለንግድ የሚወስድ ሰው ፈቃድ ሊያወጣ፣ ጥቅሙንም ለማኅበረሰቡ ሊያካፍል ይገባዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል፤ አንተ መዳብ ነው ብለህ የናቅኸውን ሌላው ወርቅነቱን አውቆ ይመዘግበዋል። ፓተንት ከሚሻርባቸው ምክንያቶች አንዱ ነገሩ ቀድሞ ይታወቅ እንደነበር መረጋገጡ ነው፤ ዳኛ ደግሞ የሚያምነው ቀን የተጻፈበትን ነገር ነው። የአያትህ ቃል በአፍ ብቻ ከቀረ ሄግ ድረስ ማን ያደርሰዋል?

7. የራስህን ፈጠራ ግን ሳታስመዘግብ አታሳይ። ፓተንት ሁሉ ጠላት መስሎ አይታይህ። ነገ ድንች የሚነቅል ወይም ወተት የሚንጥ መሣሪያ ብትሠራ አንተንም የሚጠብቅህ ይኸው ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፈጠራ 15 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ አገር ውስጥ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። የዛሬ ልጅ ግን የመሣሪያው ቀለም ሳይደርቅ ቲክቶክ ላይ ያወጣዋል። በብዙ አገር ሕግ አንዴ በአደባባይ የታየ ነገር አዲስነቱን ያጣል፤ ላይክህን ሰብስበህ መብትህን ትበትናለህ። መጀመሪያ አመልክት፣ ከዚያ አሳይ።

8. በወሬ የማንንም እንጀራ አታቃጥል። «እገሌ እርሻ ወንዙን መረዘ» የሚል ቪዲዮ ሲደርስህ ወንዙ የት ነው፣ መቼ ተቀረጸ፣ ማን ቀረጸው ብለህ ጠይቅ። እውነት ከሆነ ቦታውንና ቀኑን ይዘህ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክት፤ ማመልከቻው መግባቱን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ግልባጭ ያዝ፤ መልስ ካጣህ ያን ጊዜ ግልባጩን ለሕዝብ አውጣው። ውሸት ከሆነ ግን የምትጎዳቸው ማለዳ በሰርቪስ ወደዚያ እርሻ የሚሄዱትን የጎረቤቶችህን ልጆች ነው። ለራስህም አስብ፤ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ያስቀጣል፤ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አንድ ጊዜ በውሸት ከተያዝህ ደግሞ ኩባንያው በእውነተኛው ክስህ ላይ ሁሉ ያንን ይመዝዝብሃል።

9. ቁጣህ እንደ ፓተንቱ ይቆይ። የፓተንት ዕድሜ በአብዛኛው አገር 20 ዓመት ነው፤ የአንተ ቁጣ ግን ሁለት ቀን አይሞላም። የጤፉ ማመልከቻ ገብቶ ፍርዱ እስኪሰጥ 15 ዓመት አልፏል። በዚህ መካከል ሚኒስትር ተቀይሯል፣ ኃላፊ ተሹሟል፣ ተሽሯል፤ ፋይሉን ያዩ ሰዎችም ጡረታ ወጥተዋል። ነገሩን ያልተዉት ጥቂት ተመራማሪዎችና የሕግ ሰዎች ናቸው። በየዓመቱ እየተመለሰ «የት ደረሰ?» የሚል አንድ ሰው፣ አንድ ቀን ጮኸው ከሚበተኑ ሺህዎች ይበልጣል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ባለቤቱ ንቁ መሆኑ ከታወቀ አጥሩን የሚነካ ይቀንሳል።

እንግዲህ ልጄ፣ ብዙ አላስቸግርህም። በዚህ ወር አያትህ ዘንድ ሂድና እሷ የምታውቃቸውን የገብስ ዓይነቶች በስማቸው፣ ከነጥቅማቸው፣ ቀን ጽፈህ መዝግብ። ቀጥሎ «ሰረቁን» የሚል ነገር ሲደርስህ ሼር ከማድረግህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፤ መብቱን የያዘው ማን ነው? የያዘው ምንን ነው? የሚያበቃውስ መቼ ነው? መልሱን ካገኘህ በኋላ ጩህ። ያን ጊዜ እኔም አብሬህ እጮሃለሁ።