ከክረምቱ ሥልጠና በኋላ ማን ይቀራል? የብርጭቆ ነበልባል ሥራን በጎንደርና በአካባቢው ስለ ማስተማር የቀረበ አጭር ምልከታ

አኅጽሮት

ብርጭቆን በነበልባል አለስልሶ የመሥራት ሙያ በሌሎች አገሮች ብዙውን ጊዜ በትምህርት ዕረፍት ወራት በሚሰጥ አጭር ሥልጠና ይጀመራል። ይህ ጽሑፍ ተመሳሳይ ሥልጠና በጎንደር ከተማና በአካባቢው ቢታሰብ ምን ሊያስገኝ፣ ምንስ ሊጎድለው እንደሚችል ይመረምራል። ለንጽጽር የቀረቡት የጋፋት የብረት ማቅለጫ፣ የወለቃ የሸክላ ሥራና እ.ኤ.አ. በ1962 በቶሌዶ የተካሄደው የብርጭቆ ሥልጠና ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው፤ የእሳት ሙያ የሚኖረው በምድጃው ውስጥ ሳይሆን ምድጃውን በሚያውቀው ሰው ውስጥ ስለሆነ፣ የአጭር ሥልጠና ውጤት መለካት ያለበት ሥልጠናው ካበቃ በኋላ ማን በሥራው ላይ እንደቀረ በማየት ነው።

1. መነሻ

ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው የላይ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ፣ በትክል ድንጋይ፣ ላደገ ሰው እሳት የወጥ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በልጅነቱ ማረሻ ለማሾል ከሚሄዱ ሰዎች ጋር ቀጥቃጭ ቤት ደጃፍ ብዙ ጊዜ ቆሟል። ወናፉን የሚያናፋው የቀጥቃጩ ልጅ ነበር። ልጁ መዶሻ አይጨብጥም፤ ጉጠትም አይነካም። አባቱ ግን ብረቱን ከእሳት ከማውጣቱ በፊት ልጁ ማናፋቱን ሲያቆም ይታይ ነበር። ማንም ቃል ሳይናገር ልጁ የብረቱን ቀለም አይቶ ጊዜው መድረሱን አውቋል።

ከዓመታት በኋላ አዘጋጁ በአንድ የትምህርት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሌላ ነገር አየ። ጫፋቸው የተሰነጠቀ የማቀዝቀዣ ቱቦዎችና አንገታቸው የተሰበረ ጠርሙሶች በቁም ሣጥን ተከማችተው ነበር። ከእነዚህ ዕቃዎች አንዳንዶቹ ሙያውን በሚያውቅ ሰው እጅ ሊጠገኑ የሚችሉ ናቸው። የሚጠግን ሰው ስላልነበረ ግን አዲስ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ የተማሪዎች ሙከራ ይዘገይ ነበር። እነዚህ ሁለት ትዝታዎች አንድ ጥያቄ ያስነሳሉ፤ የመጀመሪያው ልጅ ያገኘውን ዕውቀት የሚመስል ነገር ለሁለተኛው ችግር በሁለት ሳምንት ሥልጠና ማስገኘት ይቻላልን?

2. በእጅ የሚያዝ ዕውቀት

ማይክል ፖላኒ ሰው ሊናገረው ከሚችለው በላይ እንደሚያውቅ በማስረዳት፣ በቃል የማይገለጥ ዕውቀት የሚለውን ሐሳብ ለጥናት አበቃ። ጂን ሌቭና ኤቲየን ዌንገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የላይቤሪያ ልብስ ሰፊዎችን የመሳሰሉ ባለሙያዎችን መሠረት አድርገው፣ ጀማሪ ሙያ የሚማረው ከዳር ቆሞ በእውነተኛው ሥራ ቀላል ክፍል እየተሳተፈና ቀስ በቀስ ወደ መሀል እየገባ መሆኑን አሳይተዋል። ወናፍ የሚያናፋው ልጅ የዚህ ሐሳብ ግልጽ ምሳሌ ነው።

በብርጭቆ ረገድ ኤሪን ኦኮነር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ብርጭቆ መንፋትን ራሷ እየተማረች የደረሰባትን ሁሉ እንደ መረጃ ወስዳ ተንትናለች። ጀማሪ እያንዳንዱን የእጅ እንቅስቃሴ ለየብቻ ያስባል፤ የሠለጠነ ሰው ግን ዐይኑን የሚያሳርፈው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በሚሠራው ነገር ላይ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ድግግሞሽ ሲሆን፣ ድግግሞሽ ደግሞ ጊዜ ይጠይቃል። የአጭር ሥልጠና የመጀመሪያ ችግር ይኸው ነው።

3. መሣሪያው ሲቀር፣ ሰው ሲሄድ

የአካባቢያችን ታሪክ ለዚህ ሁለት ማስረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው በደብረ ታቦር አቅራቢያ የነበረው ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. አውሮፓውያን የወንጌል መልእክተኛ ባለሙያዎችን በዚያ አስፍረው መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዙ። ከብዙ ሙከራና ክሽፈት በኋላ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ ተሠራ፤ ኢትዮጵያውያንም በሥራው ተሳትፈዋል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መቅደላ ላይ ሲሞቱና ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ሲወጡ ግን ጋፋት የማቅለጫ ስፍራ መሆኑ አበቃ። መድፉ እስከ ዛሬ አለ፤ ሙያው ግን ተከታይ ትውልድ አላፈራም።

ሁለተኛው ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ወለቃ ናት። በዚያ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ወንዶቹ በቀጥቃጭነት፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ ከዚያም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰዎችን በሁለት ቀናት ውስጥ ባጓጓዘው ዘመቻ ሰሎሞን፣ የማኅበረሰቡ አብዛኛው ክፍል ወደ እስራኤል ሄደ። አፈሩ፣ ማገዶውና ገበያው በቦታቸው ቀሩ፤ ከአፈሩ ውስጥ የትኛው ለጀበና፣ የትኛው ለምጣድ እንደሚሆን በመዳሰስ የሚለዩት እጆች ግን ሄዱ። በዚያው በወለቃ ሴቶችን በሸክላና በሽመና ለማሠልጠን የተቋቋመ ማዕከል መኖሩ፣ አንድ ጊዜ የተቋረጠን ሰንሰለት እንደገና መቀጠል ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ያሳያል።

በዚህ ላይ የንቀት ጉዳይ ይጨመራል። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ «ጠይብ» እና «ቡዳ» እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ ቢከለክሉም፣ ስድቡ ከአንደበት ለመጥፋት ረጅም ጊዜ ወስዷል። ብርጭቆ በአገራችን ይህን ሸክም አልተሸከመም፤ ከጥንት ጀምሮ ተሠርቶ የመጣ ዕቃ ሆኖ ነው የታወቀው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል የብርጭቆ ዕቃን ይቆጥራል። ስለዚህ ጠጁ የቤት፣ ብርሌው ግን የገበያ ሆኖ ኖሯል። የብርጭቆ ሥልጠና በቤተ ሙከራ ስም በክብር ሲከፈት፣ እሳትን ለዘመናት ያወቁት የቀጥቃጭና የሸክላ ሠሪ ልጆች ከበር ውጭ እንዳይቀሩ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

4. ቶሌዶና ፒልቸክ፤ አጭሩ ሥልጠና ለምን ፍሬ አፈራ?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1962 የሸክላ ጥበብ መምህሩ ሃርቬይ ሊትልተን በአሜሪካ በቶሌዶ የጥበብ ሙዚየም ግቢ ውስጥ አነስተኛ የብርጭቆ ሥልጠና አዘጋጀ። ዓላማው አንድ ባለሙያ ከፋብሪካ ውጭ፣ በራሱ ትንሽ ምድጃ፣ ብርጭቆ መሥራት ይችል እንደሆነ መፈተን ነበር። የመጀመሪያው ቅልጥ አልሰመረም። ዶሚኒክ ላቢኖ የተባለ የብርጭቆ ተመራማሪ ምድጃውን እንዲለውጡ መከረ፤ በቀላሉ የሚቀልጡ የብርጭቆ ኳሶችንም ሰጣቸው። ይሁን እንጂ ብርጭቆው ቀልጦም ተሳታፊዎቹ አነፋፉን በወጉ አያውቁም ነበር። ክፍተቱን የሞላው ሃርቬይ ሊፍግሪን የተባለ፣ ከሊቢ ፋብሪካ በጡረታ የወጣ ብርጭቆ ነፊ ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ሁለተኛው ሥልጠና ተካሄደ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ትንሹ ምድጃ ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሌላው ገጽታው ይመስላል። መሐንዲሱ፣ መምህሩና ጡረተኛው ሠራተኛ በአንድ ጣራ ሥር ባይገናኙ ኖሮ ምድጃው ብቻውን ምንም ባልፈየደ ነበር። ሊትልተንም በዚያ አላቆመም፤ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ብርጭቆን የመደበኛ ትምህርት አካል አደረገው። ከተማሪዎቹ አንዱ ዴል ቺሁሊ ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1971 በዋሽንግተን ግዛት የፒልቸክ የብርጭቆ ትምህርት ቤትን ከመሠረቱት መካከል ነው። ፒልቸክ በትምህርት ዕረፍት ወራት የሚሰጥ ሥልጠና ሆኖ፣ በዝናብ መካከል ተማሪዎች ራሳቸው በሠሩት መጠለያ ተጀመረ። ከቶሌዶ እስከ ፒልቸክ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ሙያው ሳይቋረጥ የተላለፈው በሰዎች ሰንሰለት ነው።

5. የክረምቱ ጥያቄ

በእኛ አገር ተማሪና መምህር ፋታ የሚያገኙት በሐምሌና በነሐሴ ነው። እነዚህ ወራት በጎንደር ደጋ ዝናቡ የሚበረታባቸው ናቸው። ለሸክላ ሥራ ይህ ከባድ እንቅፋት ነው። ዕቃው ከመቃጠሉ በፊት እስከ ውስጡ መድረቅ አለበት፤ ያልደረቀ ጀበና እሳት ላይ ሲወጣ በውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ይሰነጥቀዋል። በገላጣ ቦታ በማገዶና በኩበት የሚደረገው ማቃጠልም ዝናብ አይችልም። ስለዚህ የሸክላ ሥልጠና በክረምት ቢሰጥ ከሙያው ዋናው ክፍል፣ ከእሳቱ፣ ሠልጣኙን ያርቀዋል።

የነበልባል ሥራ በዚህ ረገድ ይለያል። ሠልጣኙ በጣራ ሥር ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ፣ በብየዳ ቤቶች ቶርች ከሚባለው መሣሪያ በሚወጣ የጋዝና የኦክስጅን ነበልባል የብርጭቆ ዘንግ ወይም ቱቦ ያለሰልሳል። ትልቅ የማቅለጫ ምድጃ ሌሊትና ቀን ማንደድ አያስፈልገውም። ለቤተ ሙከራ ዕቃ የሚያገለግለው ቦሮሲሊኬት ብርጭቆ በ820 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ በሙቀት የሚለጠጥበትም መጠን ከተራው የጠርሙስ ብርጭቆ መጠን ሲሦ ገደማ ነው። ሁለቱን ዓይነቶች የሚያጣብቅ ሰው ዕቃው ሲቀዘቅዝ ተሰንጥቆ ያገኘዋል። ይህ በመጀመሪያው ቀን መነገር ያለበት ነገር ነው።

ክረምት ለነበልባል ሥራም ቢሆን አንድ ፈተና አለው። የተሠራው ዕቃ በውስጡ ውጥረት እንዳይቀርበት በ560 ዲግሪ አካባቢ ጥቂት ቆይቶ በዝግታ መቀዝቀዝ አለበት፤ ይህም በኤሌክትሪክ ምድጃ ይከናወናል። መብራት በመካከል ከጠፋና ሙቀቱ በድንገት ከወረደ ውጥረቱ በዕቃው ውስጥ ይቀራል፤ ዐይን ግን አያየውም። ዕቃው ከቀናት በኋላ በአንድ ተማሪ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ሁለት ፕላስቲኮች መካከል ዕቃውን ይዞ ማየት ውጥረቱን በብርሃንና በቀለም ልዩነት ያሳያል። ይህን ፈተና ያላለፈ ዕቃ ወደ ቤተ ሙከራ እንዳይገባ መከልከል የሥልጠናው ሕግ ሊሆን ይገባል።

ከአደጋ አንጻርም ሦስት ነገሮች አይዘለሉም። ቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ክፍሉ ከታችም አየር ማስወጫ ያስፈልገዋል። የኦክስጅን ሲሊንደር መግጠሚያ ዘይትና ቅባት ፈጽሞ መንካት የለበትም። የጋለ ብርጭቆ ደግሞ ቅላቱ ከጠፋ በኋላ ከቀዝቃዛው አይለይም፤ ቆዳን ግን ያቃጥላል። የቀጥቃጩ ልጅ ከብረት ቀለም የተማረው ጥበብ እዚህ ላይ ብቻውን አይበቃም።

6. ምን ዓይነት ሥልጠና?

ከላይ ከቀረበው በመነሣት የሚከተለው ሐሳብ ይቀርባል። በመጀመሪያው ክረምት ለሁለት ሳምንታት የሚሰጠው ትምህርት በጥቂት ነገሮች ቢወሰን ይሻላል፤ እነርሱም ዘንግን ሳያቋርጡ በእኩል ፍጥነት ማዞር፣ ቱቦ መቁረጥ፣ ጫፍ መዝጋት፣ ማጠፍና ሁለት ቱቦዎችን ማጋጠም ናቸው። የተሰበረ ማቀዝቀዣ መጠገን ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። በሁለት ሳምንት ሁሉን ለማሳየት የሚጣደፍ መምህር ተመልካች ያፈራ እንደሆነ እንጂ ሠራተኛ አያፈራም።

ሠልጣኞቹም ከሦስት ወገን ቢውጣጡ መልካም ነው፤ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻኖች፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ከቀጥቃጭ ወይም ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የመጡ ወጣቶች። ተማሪው ተመርቆ ይሄዳል፤ ቴክኒሻኑ ግን ይቀራል። ወጣቱ ደግሞ እሳትን የማንበብ ልማድ ይዞ ይመጣል። ከክረምቱ በኋላ ጠረጴዛው ሳይዘጋ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ለልምምድ ክፍት ቢሆን፣ በሁለተኛው ክረምት ከመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ቢያንስ ሁለቱ በረዳት አሠልጣኝነት ቢቆሙ፣ ሰንሰለቱ መያያዝ ይጀምራል።

7. ማጠቃለያ

አጭር ሥልጠና በር ይከፍታል፤ ቤት ግን አይሆንም። ጋፋት ሰዎቹ ሲሄዱ በረደ፤ ወለቃ እጆቿን አጥታ እንደ አዲስ መጀመር ነበረባት፤ ቶሌዶ ግን ከተሳታፊዎቹ መካከል ሥራውን ይዞ የቀረ ሰው ስለነበረ ቀጠለ። ስለዚህ ማንኛውም ተቋም እንዲህ ያለ ሥልጠና ሲያስብ በነሐሴ መጨረሻ የታደለውን የምስክር ወረቀት ብዛት ሳይሆን፣ በታኅሣሥ በነበልባሉ ፊት ተቀምጦ የሚገኘውን ሰው ይቁጠር። አንድ ሰው እንኳ ከተገኘ፣ ያ ቁም ሣጥን የሚከፈትበት ቀን ሩቅ አይሆንም።