ቤት ስታሳድሱ፦ ከግንበኛው ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት

መካነ ሰላም ላይ ቤት ማሳደስ ሲባል ብዙ ጊዜ ያረጀ ቆርቆሮ መቀየር፣ የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ማስለሰን ወይም ከጓሮ የሚከራይ ክፍል መቀጠል ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ባለበት ከተማ የመጨረሻውን የሚያስብ አይጠፋም። ሥራውን የሚይዘውም በደረጃ የተመዘገበ ኮንትራክተር ሳይሆን ረዳቶቹን ይዞ የሚዞር ግንበኛ ነው። ለአንድ ቤት እሱ ይበቃል። ችግሩ ዘመድ ወይም ጎረቤት ስለሚሆን ወረቀት ማውጣት እንደ ነውር መቆጠሩ ነው፤ እኔ ግን ወረቀቱ ዝምድናውንም ያተርፋል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ግድግዳው፣ ከዚያ ዋጋው

ቤቱን ሳያይ ዋጋ የሚጠራ ግንበኛ በኋላ መጨመሩ አይቀርም። አብራችሁ ዙሩት። መሬቱ ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱም አብሮት ይነሣል፣ ይወርዳል። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ሽቅብ የሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ ጥርጣሬያችሁ መሠረቱ ላይ ይሁን። ልስን የሚሸፍነው እስከሚቀጥለው ክረምት ነው። ጥጉ ተቆፍሮ መሠረቱ ይታይ፤ የቁፋሮውንም ለብቻው ክፈሉ።

የጭቃ ቤት ከሆነ ቋሚዎቹን ከመሬት ጋር ከሚገናኙበት ቦታ በቢላ ውጉ። ቢላው ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ አለ። ሲሚንቶ ደግሞ ጭቃን አጥብቆ አይዝም፤ ጭቃው እርጥበት ሲስብና ሲደርቅ ልስኑ እየተላቀቀ ይረግፋል። ስለዚህ ብዙዎች አስቀድመው ሽቦ ወንፊት በሚስማር ይመታሉ። ሽቦውና ሚስማሩ በማን ሒሳብ እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም፣ ጭቅጭቁም ከዚያ ይጀምራል። ግድግዳው ከሥር እርጥበት የሚስብ ከሆነ ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። እንዲህ ላለው ቤት በጭድ በደንብ የተቦካ ጭቃ ይሻላል፤ ሲሚንቶ ያምራል የሚለው የጎረቤት ወሬ ይቆይ።

እጅ ብቻ ወይስ ከነዕቃው?

በእጅ ዋጋ ከተስማማችሁ የዕቃ መዘግየት የእናንተ ዕዳ ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ በአቀስታ በኩል የሚመጣ ሲሚንቶ ቢዘገይ ግንበኛው ቁጭ ያለበትን ቀን ሊያስከፍል ይችላልና ይህን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከነዕቃው ከሆነ ደግሞ «ጥሩ ቆርቆሮ» የሚል ቃል አይበቃም፤ ጌጁ፣ ማለትም የውፍረቱ ቁጥር፣ ይጻፍ። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ባለ 35 ከባለ 28 ይቀጥናል። ለልስንና ለግንብ ፒፒሲ ሲሚንቶ በቂ ነው፤ ኦፒሲ ለአርማታ ይቆይ።

በካሬ ሲባል

ልስን በካሬ ከተዋዋላችሁ የበርና የመስኮት ክፍት ቦታ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ግድግዳ 12 ካሬ ነው። 1.2 በ1.5 የሆነ መስኮትና 0.9 በ2.1 የሆነ በር ካለው 3.69 ካሬ ይወጣል፤ የሚቀረው 8.31 ነው። ወደ ሲሶ የሚጠጋ ልዩነት ነው። ባይቀነስም የጥጉ ሥራ አድካሚ ስለሆነ ግንበኛው ምክንያት አለው፤ ብቻ በየትኛው እንደተስማማችሁ ይታወቅ።

ቀብድ ነው ወይስ ቅድሚያ ክፍያ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድን ውል መደረጉን የሚያረጋግጥ ገንዘብ ያደርገዋል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በአንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢተው ገንዘቡን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። 10,000 ብር «ቀብድ» ብላችሁ ብትሰጡና ግንበኛው የተሻለ ሥራ አግኝቶ ቢተዋችሁ 20,000 ትጠይቃላችሁ። ሐሳባችሁን የቀየራችሁት እናንተ ከሆናችሁ 10,000ው ቀረ። ገንዘቡ ለሲሚንቶና ለአሸዋ መግዣ ከሆነ ግን «ለዕቃ መግዣ ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ። ነገሩ ለሽማግሌም ቢሄድ ለፍርድ ቤት መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄ ነው።

ወሩን መምረጥ

ጣሪያ ከክረምቱ ቀድሞ ይከደን፤ በልግ ከየካቲት ጀምሮ ሊጥል እንደሚችልም አትርሱ። ኅዳርና ታኅሣሥ ዝናብ የለም፣ ከውቂያ በኋላም ጭድ ይገኛል፤ ነገር ግን የቀን ሠራተኛው አጨዳ ላይ ነው። ደጋው ላይ የሌሊት ውርጭ ትኩስ ልስን ስለሚያበላሽ አመሻሽ ላይ መለሰን ይቅር። የሲሚንቶ ሥራ ቢያንስ ለሳምንት ውኃ ይጠጣ፤ ውኃውን የሚያቀርበውም ሰው ይታወቅ። ክፍል የምትጨምሩ ከሆነ ሥራው ሳይጀመር ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

ክፍያና ርክክብ

ክፍያው በየሳምንቱ ሳይሆን ሥራው ሲደርስ ይሁን፤ መሠረቱ ሲያልቅ፣ ጣሪያው ሲከደን፣ ልስኑ ሲደርቅ። የመጨረሻውን ጥቂት ገንዘብ አንድ ዝናብ እስኪጥል ለማቆየት ከጅምሩ ተስማሙ፤ የሚያፈስ ቆርቆሮ በፀሐይ አይታወቅምና።

የሚያስረክባችሁ ቀን ሁለት ምስክር ባለበት ቀኑን ጻፉና ተፈራረሙ። በዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ቤት የሠራ ተቋራጭ ለአሠራሩ ደኅንነትና ለሕንፃው ጽናት ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃልም አይጸናም። ቀኑ ካልተጻፈ ግን 10 ዓመቱ ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረዳት ለእናንተ ይቀራል።